የጎደለው ዳቦ

ኩርፊያ ሰፊ ቦታ ይወዳል። እኔ ሚዛን ከተማ፣ ታናሽ እህቴ ብርቄ ደግሞ አማን ከተማ ሆነን ስንኮራረፍ እንዴት ያምርብን ነበር! ጭን ለጭን ተጣብቆ ግን ማን አኩርፎ ይዘልቃል?

ይህን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ እኔ ፊደሉንም በወጉ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። የነገረችኝ ቴፒ ከተማ ፊዚክስ የምታስተምረው የወንድሜ ልጅ ሰላም ናት። መኮራረፋችንን ሰምታ ደወለችና "አክስቴ፣ እናንተ እኮ ፕሮቶን ናችሁ" አለችኝ። ልቆጣ ስል አስረዳችኝ። በአቶም እምብርት ውስጥ ፕሮቶን የሚባሉ፣ የሚገፋፉ ነገሮች አሉ አሉ። እጅግ ሲጠጋጉ ግን ከመገፋፋቱ የሚበልጥ ኃይል ጥርቅም አድርጎ ይይዛቸዋል። ደግሞ አንድ ላይ ሲሆኑ ክብደታቸው ለየብቻ ከነበሩት ይጎድላል፤ የጎደለው ለመተሳሰሪያ የወጣው ነው። ጉድ እኮ ነው!

የተጣላነው በድፎ ዳቦ ነው። ብርቄ በማኅበር ፊት የኔን "ውስጡ ሊጥ ነው" አለች። እኔም የሷን "ለበር ማስደገፊያ ይሆናል" አልኩ። ዝም ልበል እንዴ?

ኋላ ሰላም ወለደች። "ሳትታረቁ ከመጣችሁ ልጄን አታቅፉም" ብላ ላከችብን። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችንን! አሁንም እንደተኳረፍን፣ በኮባ የተጋገረ ሙሉ ሙሉ ድፏችንን ይዘን አንድ ሚኒባስ ላይ ተገጣጠምን። አራስ ቤት ጎዶሎ ዳቦ ይዞ መግባት ነውር ነዋ! እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ግን ረዳት የሚባል ፍጥረት ባዶ ቦታ አይቶ ያስችለዋል? "እትዬ ጠጋ! ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ!" እያለ ሰውና ሙዝ ሲጠቀጥቅ፣ እኛንም አንድ ወንበር ላይ አጣበቀን። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ እሷ አንዱ ተሳፋሪ ወደያዘው ዶሮ አዞረች። መኪናው ጭቃው ላይ ሲዘል ብርቄ ከነዳቦዋ እላዬ ላይ ዘፍ! "ወገቤን!" ልል አፌን ብከፍት የወጣው ሳቅ ነው። እሷም ፈነዳች።

"እስቲ ያንን ሊጥሽን አቅምሺኝ" አለች።

"አንቺም ማስደገፊያሽን!" አልኳት።

ቆረስን። በአንድ ጉርሻ ይፈረዳል? ደገምን። ተሳፋሪውም ዳኛ ካልሆንን አለ፤ ረዳቱማ እየተመላለሰ ፈረደ።

ሰላም ቤት ስንደርስ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ያልነው ባንድ አፍ ነው። ደስ አላትና ኮባውን ገለጠች። ቁራሽና ፍርፋሪ!

"አክስቴ! የቀረውስ ዳቦ?"

"አስተማሪዋ አንቺ፣ ጠያቂዋም አንቺ?" አልኳት። "ለመተሳሰሪያ ወጣ! በይ ልጁን አምጪ።"