ድንቹ በጆሮዬ ሊነግረኝ ሲል

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። የዱቄት ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ስለሆንኩ እንቅልፌም ሕልሜም የቀን ነው። ሌሊት በር እጠብቃለሁ፣ ሲነጋ ድንቼን እኮተኩታለሁ፣ በመሃል የተገኘችውን እተኛለሁ። ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ሁለት ዓመት ማሳዬን ፈጀው። የመከላከያው ስልጠና ደግሞ ሁልጊዜ ጠዋት ነው፤ ተረኛው መጥቶ እስኪለቀኝ ያልቃል። ዘንድሮም ካመለጠኝ ማሳውን ለሣር መተው ነው።

በሕልሜ ታዲያ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜያለሁ። አሰልጣኞች እኔን ለማስተማር እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ከፊት የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ስመኝሽ ናት። ከኋላዋ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ያልበዋል።

"ጋሽ ውድነህ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ላስተምርዎት" አለችኝ።

"መታወቂያ?"

"ረስቼው መጣሁ።"

"እንግዲያው ከሰልፉ መጨረሻ ሁኚ።"

ኃላፊው "እኔስ ጌታዬ?" አለ።

"አንተ ማክሰኞ ና። ማክሰኞ ግን አልኖርም።"

አመስግኖኝ እጅ ነሣ። ስንት ዘመን ደጅ ያስጠናኝን ቢሮ ደጅ አስጠናሁት፤ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ወዲያው በሩ ማሳዬ ሆነ። በሬዎቼ ቦራና ዳልቻ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ኃላፊው ቀንበር ውስጥ ገብቶ እየሳቀ ያርሳል። ቦራ "ፈር ለቀቀ፤ ይመዝገብ" አለ። ድንቾቹ ፊታቸውን ታጥበው ከአፈር ወጡና ተራ በተራ ሳሙኝ። ነጠላ የተከናነበ አንድ ሽማግሌ ድንች ጠጋ አለኝ።

"ምነው ልጄ፣ በሽታችንን እኛኑ ብትጠይቀን ምን ነበረበት?"

"መድኃኒት አለው?"

"ቀላል ነው። ጆሮህን ስጠኝ።"

ጎንበስ አልኩ። ድንቹ ጉሮሮውን ጠርጎ "በመጀመሪያ" ሲል ጭብጨባ ቀሰቀሰኝ።

የገበሬዎች ማሰልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ስመኝሽ እስከ ታች የተጻፈበትን ሰሌዳ እያጠፋች ነው።

"ስልጠናውን ወደ ከሰዓት ያዞርነው ሦስት ጊዜ ላመለጣቸው ለጋሽ ውድነህ ብለን ነው" አለች ለተሰብሳቢው። ወደ እኔ ዞራም "ገባዎት አይደል?" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል።

"አንድም አልቀረኝ" አልኩ።

"ጎሽ። እንግዲያው ላልመጡት አምስት ጎረቤቶችዎ ነገ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።"