ክሯ ላለቀባት ሴትዮ የተቀመጥነው ለቅሶ

ካርቱን የልጅ ነገር ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ አንዱን ክፈቱለትና ፊቱን እዩት። አርባን ካለፍኩ ወዲህ የያዘኝ አባዜ ይኸው ነው፦ አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች፣ ያውም ሳቅና ፍርሃትን አንድ ላይ አዝለው የሚመጡት። ለሰው ሁሉ የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ኖሮ፣ የራሱ ሲደርስ ጠበበኝ ብሎ ከሞት ጋር በልኬት የሚከራከር አናጢ አለላችሁ! ትስቃላችሁ፤ ከዚያ ማን አየኝ ብላችሁ ዞር ዞር ትላላችሁ። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? እርግጥ የሰቆጣችን ኔትወርክ እንደ ጎረቤታችን እንደ ዝቋላ ወረዳ ዝናብ ነው፤ መጣ ሲሉት ይቀራል። ስለዚህ በመጣ ቁጥር አውርጄ አከማቻለሁ። እህል በጎተራ፣ ፊልም በስልክ።

ክፉ ልማዴ ብቻዬን አለማየቴ ነው። በቀደም ጎረቤቴ እማማ ታደለች ደጄ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ዐረብ አገር ላለችው ልጃቸው ለብርቄ ጋቢ ሊያሠሩ እንዝርት ሲያሾሩ ነው የከረሙት። “እማማ፣ አንድ ጉድ ላሳይዎት” አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

ፊልሙ እንዲህ ነው። ከሱፍ ክር የተሠራች አሮጊት ሩቅ ላለ ልጇ ሹራብ ትሠራለች። ክር ሲያልቅባት የገዛ እግሯን ትተረትራለች። ቀጥሎ ወገቧን። በመጨረሻ እጆቿ ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱም ሹራብ ሆነው ያልቃሉ። ልጅየው ለካውና ጠበበኝ ብሎ ለውሻው አነጠፈለት! እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ በሳቅ እፈርሳለሁ፤ ፈረስኩም። ቀና ስል እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

“ማን አለቀሰላት?” አሉኝ። ኧረ እማማ፣ ክር እኮ ናት ብላቸው፣ “መሆኗንማ አይቻለሁ። እኛስ አፈር አይደለንም?” ብለው ጥጣቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በማግስቱ ወጥተው አልፈተሉም። ከዚያም በኋላ እንዝርታቸውን የበላ ጅብ አልጮኸም። ልጇ በስደት ያለች እናት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይከፈታል? ተስፋ ቆርጠው ጋቢውን ቢተዉት፣ ኃጢአቱ የማን ነው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የስልክ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ይቅርታ ልጠይቅ ስነሣ በሬ ተንኳኳ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘዋል። አልቃሽ ያጣች ሴት አለች፣ እሷን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽና ለቅሶው አንቺ ቤት ነው አሉኝ እማማ። አንዷ አንገቷን ደፍታ “ለመሆኑ ሟቿ ምንሽ ናት?” አለችኝ። ስልኬን የልብስ ሳጥኔ ላይ አቁሜ ፊልሙን ከፈትኩላቸው።

እግሯ ሲተረተር “ውይ በሞትኩት!” ተባለ፤ ወገቧ ላይ ለቅሶው ቀለጠ። ውሻው ሹራቡ ላይ ሲጋደም ግን አንዷ “እሱ እንኳ ሞቀው!” ብላ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ማን ይቻላቸው!

በሳቁ መሃል ወደ እማማ ጠጋ ብዬ ስለ ጋቢው ጠየቅኋቸው። ለካ ፈትሉ በዚያው ቀን በቅቷቸው ሸማኔ ዘንድ ወስደውታል። “ታዲያ ለብርቄ መቼ ይላካል?” አልኳቸው። “ለብርቄ? ሰው በሙቀት በሚቀቀልበት አገር ጋቢ ምን ሊሠራላት? ደውዬ ለራሴ ነው አልኳት። ድሮስ ምን አልኩሽ ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ደግሞ እግሬን ይበርደኛል፤ እግሬን ገና እፈልገዋለሁ።”

ሸክሜ ከላዬ ወረደ። ሴቶቹም ሲወጡ ለሠልስቱ እንመለሳለን አሉ፤ እኔም ይሉኝታ መስሎኝ ነበር። በሠልስቱ ቁጥራቸው በርክቶ፣ ንፍሮውም በርክቶ መጡ። እማማ አዲሱን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡና እግራቸውን ጠቅለል አደረጉ።

“በይ ክፈቺው” አሉኝ፤ “ዛሬስ ማን ነው የሚሞተው?”