ወልደጻድቅ ብቻውን አዋሽ ፓርክ ሊያድር ነው

[ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጠዋት። የምድር ባቡር ጸሐፊው ወልደጻድቅ ከአጎቱ የተዋሰው ላንድሮቨር አጠገብ ቆሞ የፊት ወንበሩ ላይ ዕቃ ይደረድራል። የግቢው ዘበኛ ሂርሲ ሁለት ስኒ ይዞ ያቀብለዋል።]

ወልደጻድቅ፦ አንዱን መልሰው አልኩህ።

ሂርሲ፦ አንድ ስኒ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው አላየሁም አቦ። እንግዳ ቢመጣስ?

ወልደጻድቅ፦ ጫካ ውስጥ ማን ይመጣል?

ሂርሲ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። እንግዳ አስታውቆ ይመጣል እንዴ?

ወልደጻድቅ፦ ሂርሲ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። አዋሽ ፓርክ ድረስ ብቻዬን እነዳለሁ። ብቻዬን ድንኳን እተክላለሁ። ብቻዬን አድራለሁ። ይህ ካምፒንግ ይባላል። ፈረንጆች ለአእምሮ ዕረፍት ያደርጉታል፤ መጽሔት ላይ አንብቤያለሁ።

ሂርሲ፦ ቤት አጥተው ነው?

ወልደጻድቅ፦ ቤት እያላቸው።

ሂርሲ፦ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከግመሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ነው ያደረው። እኛ ድህነት ነው ስንል፣ ለካ ዕረፍት ላይ ኖሯል።

ወልደጻድቅ፦ ያ ሌላ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር።

ሂርሲ፦ አንተስ ምን ላይ ነህ?

ወልደጻድቅ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔ ትዳር ፍለጋ ላይ ነኝ። ኢስታር ምን አለችኝ መሰለህ? “ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈህ፤ ከእናትህ ቤት ውጪ አንድ ሌሊት አድረህ አታውቅም። እስቲ ብቻህን አድረህ ተመለስ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ላክ።” ነገ እመለሳለሁ፤ እሑድ ሽማግሌዎቹ እነሱ ቤት ናቸው።

ሂርሲ፦ እናትህስ? ወይዘሮ ሸዋገነት ምን አሉ?

ወልደጻድቅ፦ እናቴማ አለቀሰች። ሳስረዳት ዝም አለች። ሰውን ማሳመን ዕውቀት ይጠይቃል።

ሂርሲ፦ ልክ ነህ። እንግዲህ ብቻህን ከሆነ ሃዎን ልጥራት።

ወልደጻድቅ፦ የቷን ሃዎ?

ሂርሲ፦ ወተት ሻጯን። ሚኤሶ ትወርዳለች። ወንበሩ ባዶ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ።

ወልደጻድቅ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው እያልኩህ?

ሂርሲ፦ ገባኝ እኮ። ማንም የለም። ሃዎና ሁለት ፍየሎቿ ብቻ ናቸው።

ወልደጻድቅ፦ ሰው አልጭንም። ፍየልም አልጭንም።

ሂርሲ፦ ዋርያ፣ ባዶ መኪና ይዘህ በመጋላ ገበያ ስታልፍ ሰው ምን ይላል? “ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?” ነው የሚሉት።

ወልደጻድቅ፦ ይበሉ። ያልሠለጠነ ሰው ብቸኝነትን ከጠብ አይለይም።

ሂርሲ፦ እሺ። አንበሳ ሲመጣስ ምን ታደርጋለህ?

ወልደጻድቅ፦ ባትሪ አበራበታለሁ። አውሬ ብርሃን ይፈራል ይላል መጽሔቱ።

ሂርሲ፦ ተኝተህ ማን ያበራል?

ወልደጻድቅ፦ ሲያገሳ እነቃለሁ።

ሂርሲ፦ የተራበው አያገሳም፤ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው ይላሉ። እኔ እንኳ አላውቅም።

ወልደጻድቅ፦ [መደርደሩን ያቆማል] ማን ነው እንደዚያ የሚለው?

ሂርሲ፦ አባቴ። ግን እሱ መጽሔት አላነበበም።

[ወልደጻድቅ ግራ ቀኙን ያያል።]

ወልደጻድቅ፦ ሂርሲ፣ ወንድሜ። ዛሬ ማታ ተረኛ ነህ እንዴ?

ሂርሲ፦ አይደለሁም።

ወልደጻድቅ፦ እንግዲያው አብረኸኝ ና። ብቻ ኢስታር እንዳታይህ ከኋላ ሸራው ሥር ትተኛለህ። ከተማውን ስንለቅ ትነሣለህ፤ ማታ ድንኳኑ በር ላይ ታድራለህ።

ሂርሲ፦ ብቻህን ማደርህስ?

ወልደጻድቅ፦ አንተ ውጪ፣ እኔ ውስጥ። ድንኳኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ሎጂክ ይባላል።

ሂርሲ፦ ደስ ይለኝ ነበር። ሸራው ሥር ግን ቦታ የለም።

ወልደጻድቅ፦ ፍየሎቹን ጫንካቸው እንዴ?

ሂርሲ፦ ፍየል አይደለም። ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው።

ወልደጻድቅ፦ እናቴ?

ሂርሲ፦ አንተ ፊትህን ስትታጠብ ነው የወጡት። “እሱ ብቻውን ይሂድ፤ እኔም ብቻዬን እሄዳለሁ” አሉኝ። ሎጂክ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ወልደጻድቅ፦ ጉድ ሆንኩ። ኢስታር ይህን ከሰማች አለቀልኝ።

ሂርሲ፦ ደግፋ ያወጣቻቸው እኮ እሷ ናት።

ወልደጻድቅ፦ ኢስታር?

ሂርሲ፦ “አሰበ ተፈሪ ሆቴል ተኝቶ ፓርክ አደርኩ ቢለኝ በምን አውቃለሁ? እሳቸው ለልጃቸውም ቢሆን አይዋሹም። ብቻውን ማደሩን አይተው ይመስክሩልኝ” አለች።

ወልደጻድቅ፦ [በሹክሹክታ] እናቴ አሁን ያወራነውን ሰምታለች?

ሂርሲ፦ ቆይ፣ ልጠይቃቸው። [ጆሮውን ሸራው ላይ ይለጥፋል] “ምስክርነቴን ጨርሻለሁ፤ ነዳጅ አታባክኑ፤ ደግፋችሁ አውርዱኝ” ይላሉ።