ጋሼ ጠጋ በሉ አይወድቁም

በዚህ ዓለም ላይ ወድቆ የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። ካላመናችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዘርረው የተገኙት ሳሙና እየፈለጉ ነበር። አልጋ ሥር የተገኙት ጫማቸውን እያዩ ነበር። ደጃፍ ላይ እግራቸውን ወደ ሰማይ የሰቀሉት ደግሞ ትንሽ አረፍ ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዴ «ወደቅኩ» ያለ ሽማግሌ ምንጣፉ ይነሳበታል፣ ደረጃው ይከለከልበታል፣ ምርኩዝ ይገዛለታል፣ ምክር ደግሞ ከጎረቤት ሁሉ በነፃ ይጎርፍለታል።

የእነዚህ የማይወድቁ ሰዎች አውራ ክቡር ጋሼ ጠጋ በሉ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ስለነበሩና «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» የሚለው ቃል ከሰላምታቸው ስለሚቀድም ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ አልተዉትም። ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ይሉታል፣ ሐኪም ቤት ሊፍት ውስጥ ይሉታል። የሚገርመው ሰዉም ሳያስበው ይጠጋል።

አንድ ትልቅ ኩራት አላቸው። አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ሰውን እንደ ድንች ጆንያ ሲያንገላታ፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው ትኬት፣ በሌላው መልስ ይዘው፣ ምንም ሳይደገፉ ቆመው ኖረዋል። ስለዚህ ሴት ልጃቸው አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ልታያቸው ጎራ ብላ፣ ሳሎን ወለል ላይ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ስታገኛቸው፣ መልሳቸው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት።

«አባባ! ወደቁ እንዴ?»

«መውደቅን ምን አመጣው? ተቀምጬ ነው።»

«እዚህ?»

«ወንበሩ ሩቅ ነበር።» ከዚያ እሷን ተደግፈው እየተነሱ ቀጠሉ። «ስሚ ልጄ፣ አውቶቡስ እየሄደ ያልወደቅኩ ሰውዬ፣ ቤት በቆመበት እወድቃለሁ?»

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዳሌያቸው ለተሰበረ እናቶችና አባቶች የሕመም ማስታገሻ የሚገዙ ልጆችን ፊት በየቀኑ ታያለች። በእሷ መስኮት በኩል ቀልድ አያልፍም። እናም ፈራች፤ ስትፈራ ደግሞ እንደ አባቷ ትቆጣለች።

«አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ...»

«ከተቀመጥኩ።»

«እሺ፣ ከተቀመጡ፣ ይህ ቤት ይከራያል፤ እርስዎም እኔ ጋ ምድር ቤት ይገባሉ። አለቀ።»

ጋሼ ጠጋ በሉ ልጃቸውን ይወዳሉ። ችግሩ የልጃቸው ቤት መስኮት የሚያየው ግድግዳ ብቻ መሆኑ ነው። የእሳቸው ቤት ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የአውቶቡስ ፌርማታውን ቁልቁል ያያል። ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ይሰየሙና ተተኪዎቻቸውን ይገመግማሉ። «ያ ልጅ በሩን ሳይዘጋ አስነሳ! ኧረ አሮጊቷን ጠብቃት!» ግድግዳን ግን ምን ብለው ይገመግሙታል? ስለዚህ ልጃቸው ወደ አንድ የሕክምና ማዕከል ልትወስዳቸው ስትጠይቅ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ማዕከሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ፊዚዮቴራፒስት ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። የሕክምናው መሣሪያ ጥቁር፣ ትልቅ፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ መነጽር ነው። ሲያጠልቁት ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ዓለም ይመጣል፤ ጎዳና፣ ወንዝ፣ ጫካ። እዚያ ዓለም ውስጥ እየተጫወቱ ግራ ቀኝ ሲሉ እግርና ወገብ ሚዛን መጠበቅን ይለማመዳሉ። ጋሼ «ጌም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ማለት ይኼ ነው» አሉ።

«ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ወደቁ ጋሼ?» ጠየቀች ወጣቷ።

«አልወደቅኩም።»

ልጃቸው ከጀርባቸው ሆና ቁጥሩን በጣቶቿ አሳየች። ወጣቷ አየቻትና ጥያቄዋን አስተካከለች።

«ስንት ጊዜ ተቀመጡ?»

«እሱማ...» አሉ ጋሼ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ «ሰው ሆኖ የማይቀመጥ የለም።»

ከጣሪያ የተንጠለጠለው የደኅንነት ቀበቶ ወገባቸው ላይ ታሰረ። «ይኼ ለተሳፋሪ ነው» ብለው ተቃወሙ፤ የሰማቸው የለም። የመጀመሪያው ጨዋታ ሰው የበዛበት ጎዳና ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጡትን መንገደኞች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያሉ ማሳለፍ ነው። ጋሼ ገና ከመጀመራቸው መነጽሩን ከራሳቸው ላይ ብድግ አደረጉት። ጨዋታው ቆመ። እንደገና አጠለቁት፣ እንደገና ብድግ አደረጉት። ነጥባቸው ዜሮ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያወልቁት?»

«ሴትየዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ ሰላም ስትለኝ ባርኔጣዬን ላላነሳ ነው?»

«ሴትየዋ እኮ የለችም!»

«ታዲያ ሰላም ያለኝ ማን ነው?»

ወጣቷ ጨዋታውን አጠፋችው። ጋሼ ጠጋ በሉ ጨዋነታቸውን ለነጥብ ብለው የሚሸጡ ሰው አልነበሩምና፣ ጎዳናው ቀረና ጀልባ መጣ።

ጀልባው ሰዎች የተቀመጡበት ሆኖ ማዕበል ላይ ይወዛወዛል። የጋሼ ሥራ መሀል ላይ ቆመው አለመውደቅ ነው። ማዕበሉ ሲጀምር አንድ እግራቸውን ሰያፍ አደረጉ፣ ጉልበታቸውን ላላ አደረጉ፣ አገጫቸው ቀና አለ። ከዚያ ሕንፃው እስኪያስተጋባ ጮኹ፦

«ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! በሩ ላይ አትቁሙ!»

የጀልባው ሰዎች አልሰሙም። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን አንድ ላይ ጠጋ አሉ፤ ዳር ላይ የነበሩት ጡረተኛ ዳኛ ሊገፈተሩ ለጥቂት ተረፉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቶቹ ቀጠሯቸውን ከጋሼ ቀጠሮ ጋር ማድረግ ያዙ፤ አንዳንዶቹ ቀጠሮ ሳይኖራቸውም ይመጡ ነበር።

ነገሩ ግን በአንድ ጩኸት አልተፈታም። እግራቸው ሥራውን ያስታውስ እንጂ ጉልበቱ ከድቶታል። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ማዕበሉ ሲበረታ ቀበቶው ላይ እንደ ካፖርት ይንጠለጠላሉ።

«አልወደቅኩም!»

«አዎ ጋሼ፣ ተንጠልጥለው ነው።»

እቤትም አላረፉም። ጥርሳቸውን በአንድ እግር ቆመው ይቦርሻሉ። ልጃቸው አንድ ጠዋት ስትገባ ትራስ ላይ ቆመው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው፣ ከመስኮቱ ወደታች ትኬት ቆራጩን ሲቆጡ አገኘቻቸው። ደንግጣ ልትይዛቸው ተንደረደረች። ደስ ደግሞ አላት፤ ግን ለእሳቸው አልነገረቻቸውም።

በመጨረሻው ቀን ወጣቷ ፊዚዮቴራፒስት ሁሉንም ፈተና ፈትናቸው «አሁን ከእኔም በላይ ይቆማሉ» አለች። አግዳሚው አጨበጨበ። ልጃቸው ግን አላጨበጨበችም። ፍርሃቱ ስላልለቀቃት፣ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ ተከራይ ለማግስቱ ቀጥራለች።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ደረጃ ደረጃ ነው» አለች ወደ ቤት ሲመለሱ። «ፊት ፊቴ ይውጡ። የደረጃውን ድጋፍ ሳይነኩ ሦስተኛ ፎቅ ከደረሱ ተከራዩ ይቀራል። እኔ ከኋላ ሆኜ እይዝዎታለሁ።»

ጋሼ ጃኬታቸውን አስተካክለው መውጣት ጀመሩ። ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ተረከዛቸው ላይ ተክላ ተከተለች። አንደኛው ፎቅ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የአባቷን እግር እንጂ የራሷን ስላላየች፣ መታጠፊያው ላይ አንድ እርከን ሳተች። ተንሸራተተች፣ ቦርሳዋ በረረ።

ጋሼ ጠጋ በሉ ዞሩ። አንድ እግር ላይ፣ አንድ እግር ታች፣ ጉልበት ላላ፣ ድጋፉን ንክች ሳያደርጉ ክንዷን ለቀም አደረጉ። ቁልቁል እስከ ሁለተኛ ፎቅ ልትንከባለል የነበረችው ሴት እርከኑ ላይ ቁጢጥ አለች።

የአንዲት ጎረቤት በር ተከፈተ። «ምንድን ነው? ማን ወደቀ?»

«ማንም!» አሉ አባትና ልጅ እኩል። በሩ ተዘጋ።

«ተቀምጬ ነው» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው። «ወንበሩ ሩቅ ነው።»

ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አልቻለችም። እየሳቀች እንባዋ መጣ። አባቷ ክንዷን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን ሳሎን ውስጥ... ወድቄ ነበር እኮ። መነሳት አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ። አውቶቡሶቹ ሲያልፉ ይሰሙኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

ስልኳን ከቦርሳዋ ፈልጋ ለተከራዩ ደወለች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቤቱ ተይዟል» አለች። «የያዙት ሰውዬ የሚለቁ አይመስለኝም።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አነሱላት።

«ወደ ውስጥ ጠጋ በይ» አሏት።

ሳታስበው ጠጋ አለች። ጋሼ ጠጋ በሉም ድጋፉን ሳይነኩ አጠገቧ ዝቅ አሉ፤ ይህን ጊዜ ግን በእውነት ተቀመጡ።