የአቶ ዘካሪያስ ቁጥር አንድ

ቆቦ ውስጥ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት አለ። ለገበሬ ምርጥ ዘር የሚፈቀደው እዚያ ነው። ኃላፊው አቶ ዘካሪያስ የቅደም ተከተልን ክብር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ላይ የታሸገ ውሃ እንኳ ከእሳቸው ቀድሞ የከፈተ የለም። እኒህን የመሰሉ ሰው በሠላሳ ሰባት ቁጥር ሲተዳደሩ መኖራቸው የታወቀው፣ መቼም ያሳዝናል፣ እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ መሠረት ሊኑክስ የተጫነበትን ማሽናቸውን የኔትወርክ ካርድ ስታስተካክል፣ ስክሪኑ ላይ በ37 የሚያልቅ አድራሻ አዩ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የማሽንዎ አድራሻ ነው ጋሼ። እያንዳንዱ ማሽን የየራሱ ቁጥር አለው።»

«የመዝገብ ቤቱ ጋሹስ?»

«ሁለት።»

አቶ ዘካሪያስ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ሠላሳ ሰባት፣ ጋሹ ሁለት! ማነው አንድ?»

«ኮሪደሩ ላይ ያለችው ሳጥን ናት፣ ራውተሯ። ከዚህ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣው ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። አንድን ለእርስዎ ከሰጠሁ ትጋጫላችሁ፣ ሥራው ይቆማል።»

«ከሳጥን ጋር ነው የምታወዳድሪኝ?»

አምና ከእሳቸው ጋር የተከራከረ ሰው አሁን የት በረሃ እንደሚሠራ መሠረት ታውቃለች። ፈራች። አንድን ጻፈች፣ ካርዱን አጥፍታ አበራችው፣ ወጣች።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሠራተኛው ጥያቄ ሁሉ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ አቶ ዘካሪያስ ጋ እየደረሰ እዚያው ይቀራል። ነባር ሠራተኞች ይህ አዲስ ነገር ስላልመሰላቸው፣ ብልሽት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ።

ታሂር የሚባል የጎብዬ ገበሬ ግን ጊዜ አልነበረውም። ዝናቡ ጥሎለታል፣ መሬቱ ታርሶ ይጠብቀዋል፣ የጤፍ ዘሩም መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ፈቃዱ በኔትወርክ መጋዘኑ ካልደረሰ ግን አይወጣም።

«እህቴ፣ ወላሂ እርጥበቱ ካመለጠኝ ዘንድሮ አበቃልኝ። ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

ይህን የሚለው ለመሠረት ነው። ነገሩን ያበላሸችው በገዛ እጇ ነው።

አቶ ዘካሪያስ በበኩላቸው ችግር ሲፈጠር እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ራሳቸው ሰበሰቡት። ኮሚቴው የኔትወርክ ካርዱን ወቅታዊ ሁኔታ በጥልቀት ከገመገመ በኋላ፣ ችግሩ የአመለካከት መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ራውተሯም የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ጋሹ ነው ጀርባዋ ላይ በፕላስተር የለጠፈላት።

ታሂር ግቢው ውስጥ ቆሞ ወደ ዞብል ተራራ ያያል። ደመናው እየሳሳ ነው። መሠረት ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ የአለቃዋን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ፣ ከዚህ አንድ የሚበልጥ አንድ አለ።»

«ምን አልሽ?»

«127.0.0.1 ይባላል። እዚሁ ማሽንዎ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም።» ፒንግ አደረገችው፤ «አለህ?» ብሎ እንደ መጣራት ነው። መልሱ በላይ በላዩ ይወርድ ጀመር፤ አንድም የቀረ የለም።

«ማነው እንዲህ የሚፈጥነው?»

ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «እርስዎው ነዎት። ማሽኑ ራሱን ይጠይቃል፣ ለራሱ ይመልሳል።»

«ተከራክሮ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ገመዱ ቢነቀልስ?»

«ቢነቀልም ይመልሳል ጋሼ። ሌላ ሰው አያስፈልገውም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምንድን ነው የተደበቀኝ?» አሉ አቶ ዘካሪያስ፣ በእውነት ከፍቷቸው።

የበለጠውን አንድ ስላገኙ የሳጥኗን አንድ ለቀቁላት፤ ካርዱ ወዲያው ወደ 37 ተመለሰ፤ ሳጥኗም ሥራዋን ቀጠለች፤ ፈቃዱ መጋዘን ደረሰ። ታሂር የዘሩን ከረጢት ተሸክሞ፣ መሠረትን እየመረቀ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ዘካሪያስ ጠዋት ጠዋት መመሪያቸውን ለ127.0.0.1 ያስተላልፋሉ። መልሱ ሳይዘገይ ይደርሳቸዋል፤ የቤቱም አገልግሎት በሚያስገርም ሁኔታ ተሻሽሏል። ዝናውን የሰሙ የአጎራባች መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ተሰብስበው መጡና ያንኑ ቁጥር ጠየቁ። አቶ ዘካሪያስ ደነገጡ።

«መሠረት፣ አንጋጭም?»

«ምን አጋጫችሁ ጋሼ! ለሁላችሁም ይደርሳል። በዚህ ቁጥር ላይ ማንም ከራሱ ሌላ አያገኝም።»

ኃላፊዎቹ በደስታ አጨበጨቡ፤ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው።