አይበገሬን ያረጋጋው ደብዳቤ

በዓል ለፍጥረት ሁሉ ደስታ ነው የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ በግ ይጠይቅ። በጉ ለመልስ ጊዜ ካጠረው... ውሻ ይጠይቅ! እኛ ርችት እየተኮስን «እንኳን አደረሳችሁ» ስንባባል፣ ከሰፈሩ ውሾች ግማሹ አልጋ ሥር፣ ግማሹ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው።

የኛው ውሻ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስሙ አይበገሬ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ገና ቡችላ ሳለ የጎረቤት ዶሮ ላይ ሲጮኽ አይቼ «ይሄስ ጀግና ነው!» ብዬ። ዶሮዋ ታማ መነሳት አቅቷት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ይኸው ሦስት ዓመቱ... ከመጥረጊያ ይሸሻል፣ ከድመት ይሸሻል፣ ከራሱ ማስነጠስ ይሸሻል።

ያለፈው እንቁጣጣሽ ዋዜማ የመጀመሪያዋ ርችት «ጧ!» ከማለቷ አይበገሬ በግቢው በር ሥር ሾልኮ እብስ አለ። መካኒሳ አቦን ከላይ እስከ ታች አሰስን። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሊያ የአበባ ሥዕል መሣሏን ትታ የውሻ ሥዕል እየሣለች በየስልክ እንጨቱ ለጠፈች። በዓሉ እህል በአፏ ሳይዞር አለፈ። በአራተኛው ቀን የት ብናገኘው ጥሩ ነው? ሀይሌ ጋርመንት፣ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ... ወፍሮ! እኛ ከስተን እሱ ወፍሮ! ሊያ አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ ቆየችና ወደኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ለገና እንዳይጠፋ ታደርጋለህ?»

«አደርጋለሁ።»

«ማል!»

«እናቴን!» አልኳት። እናቴ ደግሞ በሕይወት አለች፤ ቀላል መሐላ አይደለም።

እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት «ተረጋጋ» በምትል አንዲት ቃል ነው። ፍሬን መስሏቸው ነዳጅ የሚረግጡትን፣ ገልባጭ መኪና ሲመጣ መሪ ለቀው ዓይናቸውን የሚጨፍኑትን፣ ስንቱን አረጋግቻለሁ! «አንድ ውሻ ያቅተኛል?» አልኩ። አፍ ዳገት አይፈራም!

ኢንተርኔት ከፍቼ ምክር ፈለግሁ። «ለውሻዎ ከድምፅ የራቀ ልዩ ክፍል ያዘጋጁለት» ይላል። እኛ ሦስት ሆነን የተከራየነው ሁለት ክፍል ነው፤ ልዩ ክፍል ቢኖርማ እኔ ነበርኩ የምገባበት! «ሰውነቱን ጠበቅ የሚያደርግ ልብስ ያልብሱት» ይላል። የሊያን የትምህርት ቤት ሹራብ አለበስነው። ዩኒፎርሙን ለብሶ ቁጭ ሲል ባለቤቴ አየችውና «ለዚህኛውም ደብተር ትገዛለህ?» አለችኝ።

«ቀስ በቀስ ከድምፁ ጋር ያለማምዱት» የሚል ሳነብ ግን ደስ አለኝ፤ ይሄማ የኔ ሙያ ነው። ፌስታል ነፋሁና ፊቱ ቆሜ «ተረጋጋ... ወደ ውስጥ ተንፍስ...» እያልኩ ጧ! አደረግሁት። አይበገሬ አልጋ ሥር ገባ። ላወጣው ተከትዬው ገባሁ። እሱ በዚያኛው በኩል ወጣ፤ እኔ ቀረሁ። ባለቤቴና ሊያ አልጋውን አንስተው ነው ያወጡኝ።

አሁን ስለ ደብዳቤው ልንገራችሁ። ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ግን ያለ እሱ ወጉ አይሄድም።

ከግድግዳችን ማዶ እትዬ ዘነበች ይኖራሉ። የሆሳዕና ሰው ናቸው፣ የወንጌል አማኝ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀን ቀን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሰው ዘንድ ተቀጥረው ይሰፋሉ፤ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩት ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ኅዳር ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ለገና የሚለብሱትን ሊሰፉ ተቀበሉ። እናላችሁ፣ በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ተከ-ተከ-ተከ... ይጀምራል፤ በላዩ ላይ እትዬ ዘነበች ይዘምራሉ። ድምፃቸው ደግሞ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ ነው። እኔ የገና ጾም ይዞኛል፤ ጾም ሲይዘኝ ከጸሎት ይልቅ ለጠብ ነው የምፈጥነው። በራቸውን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልኝ» ማለት ሲቻል... ደብዳቤ ጻፍኩ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

«ለአቶ ቶሎሳ፣ የግቢው ባለቤት። ጉዳዩ፦ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚሰማ ድምፅን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» አለበት፣ ቀን አለበት፣ ፊርማ አለበት። ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ዘነበች፣ ለፋይል» ይላል። የምን ፋይል? እኔም አላውቅም! ግን ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው ይመስለኛል።

አባባ ቶሎሳ አከራያችን ናቸው። ሰፈሩ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚሁ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ማሳው ወደ ኪራይ ቤት ሲዞር አንዲት ላም ብቻ አስቀርተዋል። ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡና አጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ ከተቱት። ለካስ ፋይል ያልኩት ኮፍያው ኖሯል!

ግልባጩ ለእትዬ ዘነበች ደረሳቸው። በማግስቱ ጸጥ። በሦስተኛውም ቀን ጸጥ። እኔ በድል አድራጊነት እስከ አንድ ሰዓት ተኛሁ። አይበገሬ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዕረፍት አጣ፤ ግቢውን ይዞራል፣ ያላዝናል፣ ጫማዬን ይበላል። «በዓሉ ሸቶት ነው» አልኩ።

የገና ዋዜማ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያዋ ርችት ከጎረቤት ግቢ ጧ! አለች። አይበገሬ ከነዩኒፎርሙ እየተንቀጠቀጠ ወደ በሩ በረረ። ከበሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ በድንጋይ ስለደፈንኩት መሬቱን በጥፍሩ ይቆፍር ጀመር። ሊያ አንገቱን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ «ተረጋጋ! ተረጋጋ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ በግቢው ውስጥ ከሁሉም ያልተረጋጋሁት እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ ሲነቃነቅ አየሁት፤ መሐላዬም አብሮ ሲነቃነቅ ተሰማኝ።

ይሄኔ እትዬ ዘነበች ያጠቡትን ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ረስተውት ይሁን ልማድ ሆኖባቸው እንጃ፣ ከአፋቸው ትንሽ ዜማ አመለጠች... እምምም... አይበገሬ መቆፈሩን አቆመ። ጆሮው ተቀሰረ። ከሊያ እጅ ቀስ ብሎ ወጣና ሄዶ እግራቸው ሥር ተጋደመ!

እትዬ ዘነበች ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ መምህር፣ ይቅርታ! ትእዛዙን ረስቼ ነው።»

ዜማው ቆመ። ሌላ ርችት ጧ! አይበገሬ ተመልሶ ወደ ቁፋሮው።

«አባዬ» አለች ሊያ እንባዋን እየጠረገች፣ «ድሮም እኮ ጠዋት ጠዋት እሳቸው በር ላይ ነው የሚተኛው። አንተ ተኝተህ ስለምትነጫነጭ አታየውም።»

«እትዬ፣ በእናትዎ ይዝፈኑ!» አልኩ።

«እኔ አልዘፍንም፣ ዘማሪ ነኝ።»

«እሺ ይዘምሩ!»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤውን ይተዉት!»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ፊርማ ያለበት ነገር? አባባ ቶሎሳ ይወቁት እንጂ።» ይሄን ሲሉ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። አልፈርድባቸውም።

ወደ አባባ ቶሎሳ ሮጥኩ። ላሚቱን እያለቡ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ደብዳቤዬን አወጡ፣ ዘረጉት።

«መምህር፣ ይሄ ያንተ ፊርማ ነው?»

«ነው፣ አባባ።»

«በደብዳቤ ያስቆምከውን በደብዳቤ አስጀምር። በአፍ ከሆነ ነገ ትክዳለህ።»

«አባባ፣ ውሻው ሊጠፋ ነው እኮ!»

«ኤዬ... ውሻው ብቻ መሰለህ?» ባልዲውን አዘንብለው አሳዩኝ፤ ግማሽ አልሞላም። «ሴትዮዋ ዝም ካለች ወዲህ ይቺም ወተት ቀንሳለች። እኔስ ለማን ደብዳቤ ልጻፍ?»

በማስተማሪያ መኪናዬ ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጧ! «ጉዳዩ፦ ድምፅ እንዲጨመር ስለመጠየቅ።» ጧ! እጄ ዘለለ፣ አንድ መስመር ተበላሸ። «ቀደም ሲል የጻፍኩት ተሽሮ፣ ወ/ሮ ዘነበች በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት መጠን፣ ያለ ገደብ እንዲዘምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ «ለበዓሉ ዋዜማ ብቻ» የምትለዋን ረሳኋት። ግልባጩን ግን አልረሳሁም! ሊያ ከበሩ ሆና «ለአይበገሬም ይድረሰው!» ስላለች እሱንም ጨመርኩት።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ተባረክ» አሉና ማሽናቸው ላይ ተቀመጡ። ተከ-ተከ-ተከ... ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ውጪው ጧ! ጧ! ሲል አይበገሬ ከፔዳሉ አጠገብ ተዘርግቶ አንኮራፋ። እውነቴን ነው፣ አንኮራፋ!

እኔ በራቸው ላይ ቆሜ ወለሉ ላይ የተከመረ ነጭ ልብስ አየሁ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የመዘምራኑ ነው። ሰባት ቀርቶኛል። ሳልዘምር እግሬ ፔዳል አይረግጥልኝም፤ እንዲሁ ተቀምጦ ሰነበተ። ነገ ጠዋት ልጆቹ ለብሰውት መድረክ ይወጣሉ።»

አፈርኩ። ቀልድ የለውም፣ የምር አፈርኩ። እኔ አንዲት የጠዋት እንቅልፍ ብዬ የሰው ሥራ አስቆምኩ፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። «ምን ላግዝዎት?» ስላቸው መርፌና ክር ሰጡኝ። እኔ፣ ባለቤቴና ሊያ ቁልፍ ስንተክል አመሸን። አንዱን እጅጌ ከገዛ ሱሪዬ ጋር ሰፍቼው ተተርትሮ ተፈታ እንጂ ሌላው ደህና ነበር። ሰባተኛው ልብስ ሲያልቅ ሊያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ቃልህን ጠበቅህ» አለችኝ። የገና ስጦታዬ ያቺ ቃል ነበረች።

ገና አለፈ። ዶሮውም፣ ርችቱም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ... ተከ-ተከ-ተከ! ጥር የሠርግ ወር አይደል? እትዬ ዘነበች የሚዜዎች ልብስ ተቀብለዋል። ድምፃቸው ደግሞ ከበፊቱ በእጥፍ ጨምሯል።

ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ደብዳቤ? በጭራሽ! ተምሬያለሁ፤ እንደ ሰው አንኳኩቼ፣ በአፌ፣ በትሕትና ልነግራቸው ነው። በራቸው ጋ ስደርስ ሁለተኛው ደብዳቤዬ ተለጥፏል። «በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት መጠን፣ ያለ ገደብ» የሚለው በቀይ ተሰምሮበታል። ከሥሩ አይበገሬ ተኝቷል።

ለማንኳኳት እጄን ሳነሳ እሱም ተነሳ። ጸጉሩ ቆመ። ጥርሱን አሳየኝ። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ውሻ ሆኖ ጮኸ... እኔው ላይ! «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት አባቶች ይሄን ጉድ አላዩም፤ የሚበላው እኔ ቤት፣ የሚጮኸው እሳቸው በር!

«ተረጋጋ» አልኩት።

ንቅንቅ አላለም። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ጀግንነት በመጨረሻ ደርሶለታል፤ ስሙን ያወጣሁለት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ለማን አቤት እላለሁ? የኋላ ማርሽ አስገባሁና ቀስ ብዬ፣ ዓይኔን ከጥርሱ ላይ ሳልነቅል፣ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።