«በሬ ለሁሉም ነው!»

የተዘጋ በር ሰው አይጎዳም፤ መዘዘኛው የተከፈተው ነው! አናምንም ካላችሁ ይኸው የእኔን ስሙ።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ የአንኮበርን ግቢ የሚጠብቁ አንድ ሹም አሉ። በራቸው ዘወትር ዝግ ነው። ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ «አቤት!» ሲል ይውላል፤ የሚመልስለት የገደል ማሚቶ ብቻ! ታዲያ አንድ ሐሙስ አዋጅ ነጋሪያቸው ከላይ ተጣራ፦ «ስማ! ስማ! ዛሬ ምሽት በሬ ለሁሉም ነው! ያልመጣ ኋላ እንዳያማኝ!»

አዋጅ ነጋሪ በጌታው አፍ ነው የሚናገረው። ሹሙ «ደጄ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ በደላችሁን ንገሩኝ» ማለታቸው ኖሯል። የደጁ «ሬ» ጠበቅ ትላለች፤ የሚታረደው በሬ «ሬ» ግን ትላላለች። የአንኮበር ጉም ደግሞ እንኳን «ሬ»ን ቋጥኝም ያላላል! እኛ ዘንድ የደረሰችው ላልታ ነው።

ያን ዕለት ቤቴ እንግዳ አለ። አያ ድንቁ ይባላሉ፤ ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከእነዋሪ የመጡ ናቸው። ሚስቴ ጓዳ ስባ አስገብታኝ፣ «ሰውዬውን በሽሮ ከሸኘናቸው ልጄ ቆማ ቀረች!» ስትለኝ ነው አዋጁ የተሰማው። እልል አለች! እኔም ካራዬን ስዬ፣ «አያ ድንቁ፣ እራት ግቢ ነን!» አልኳቸው።

ስንደርስ ሰፈርተኛው ሁሉ ካራውን ይዞ ደጁን ሞልቶታል። አጋፋሪው እኔን ያዘኝ።

«ካራው ለምንድን ነው?»

«ለበሬ ነዋ!»

«ለበር?!»

«ቶሎ ጣሉት እንጂ! ብቻ ሻኛው ለእንግዳዬ ይሁን…»

አጋፋሪው ዞሮ በሩን አየው፤ ሻኛ ሲፈልግ መሰለኝ! ከኋላዬ ያለው ረኀብተኛ ግን ትዕግሥቱ አለቀና «አውጡት! አውጡት!» ብሎ ጮኸ። ሹሙ ከሰገነታቸው ሰሙ። አውጡት የተባሉት እሳቸው መስሏቸው፣ «ዝጉ! ኧረ ዝጉ!» እያሉ ወደ ውስጥ ሸሹ። በሩ ፊታችን ላይ ድርግም! አጋፋሪው በስንጥቁ በኩል ለእኔ ብቻ፣ «ክፍት የተባለው እኮ በሩ ነው፣ አንተ ሆዳም!» አለኝ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ… አሉ! ስንት ዘመን «አቤት!» ያለ ሕዝብ፣ በሩ ሲከፈትለት ሻኛ ጠየቀ።

አያ ድንቁ መንገዱን ሁሉ ወደ ግቢው ዞር እያሉ ያያሉ። እኔ በልቤ ለልጄ አለቀስኩላት። ቤት ስንደርስ ትከሻዬን ጭብጥ አደረጉና፣

«እራት ነው ያሉኝ ለካ ምሥጢር ሲጠብቁ ኖሯል! ሹም የሚያሸሽ ጀግና! ከእንዲህ ያለ ቤት ካልተዛመድኩ ከማን ልዛመድ? ልጅዎን ይስጡኝ!» አይሉኝም?

ምን ልበል? ሰጠኋቸው። ሽሮውንም ጥርግ አድርገው በሉ።

እናንተዬ፣ ጀግና ነው ሲሏችሁ ቶሎ እልል አትበሉ፤ አንዳንዱ ሥጋ ፍለጋ የወጣ ነው!